ተርባይኗ ድጋሚ እስክትወጣ ልጠብቅ ወይስ ልግዛ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። ጆ-ሃን የሚባለው የድሮ ሞዴል ሠሪ ያወጣት የክራይስለር ተርባይን መኪና ኪት (ገጣጥመህ የምትሠራት የፕላስቲክ ሞዴል)፣ ከእውነተኛዋ 25 ጊዜ የምታንሰው 1/25ቷ፣ የሳጥኗ መጠቅለያ ፕላስቲክ ያልተቀደደ፣ በ180 ዶላር አግኝተሃል። በሌላ በኩል ድጋሚ ልትወጣ ነው የሚል ወሬ ሰምተሃል። «አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ነው ያልከው። ከታች የመለሱልህ ልጆች ግማሹ «ጠብቅ»፣ ግማሹ «ሳታመልጥህ ግዛ» ብለውሃል።

እኔ ሁለቱንም አልልህም። አትጠብቅ። ያንን ሳጥንም አትግዛ። ሦስተኛ መንገድ አለ። እኔ እሱን ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ከተቃጠልኩ በኋላ ስለሆነ አንተ በነፃ ውሰደው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

1. መጀመሪያ ሞልዱ የት እንዳለ ጠይቅ

ሰው ሁሉ «ድጋሚ ይወጣል ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን «ብረቱ የት ነው?» መሆን አለበት። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ሞልድ ካለ ተስፋ አለ። ብረቱ ከሌለ አዲስ መቅረጽ በብዙ አስር ሺህ ዶላር የሚቆጠር ሥራ ነው። ያን ያህል የሚያወጣ ድርጅት ደግሞ ብዙ ሺህ ሳጥን እንደሚሸጥ እርግጠኛ መሆን ይፈልጋል።

ይህን ያስተማረችኝ ዳትሰን ናት። የጃፓኑ ሞዴል ሠሪ ታሚያ ያወጣት 1/12 ዳትሰን 240ዜድጂ። አባቴ አዲስ አበባ ባትላሜራ ነበር። ልጅ ሆኜ የሳፋሪ ራሊን ሲያወራልኝ ነው ያደግኩት። ዳትሰን 240ዜድ በፈረንጆቹ በ1971 እና በ1973 እንዴት እንዳሸነፈች፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጭቃና አቧራ ውስጥ እንዴት እንደበረረች፣ እሱ ራሱ የነዳት ይመስል ነበር የሚያወራው። ስለዚህ አሜሪካ መጥቼ ትንሽ እጄ ሲፈታ ያንን የድሮ ሳጥን ፍለጋ ገባሁ። አገኘሁት። 310 ዶላር ከፈልኩ። ሻጩ «ከእንግዲህ አይወጣም» አለኝ፣ አመንኩት። ስምንት ወር ሳይሞላ ታሚያ ራሱ ድጋሚ አወጣት። አዲስ ሳጥን፣ አዲስ ዲካል (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ጽሑፍና ምልክት)፣ እኔ ከከፈልኩት ከግማሽ በታች።

ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ታሚያ ሺዙኦካ የተቀመጠ አንድ ድርጅት ነው፣ ሞልዶቹን በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ድርጅት ነው። ትልልቆቹን 1/12 ኪቶች፣ ሆንዳ ኤፍ ዋኗን፣ ሎተስ 49ኟን፣ ባለ ስድስት ጎማዋን ታይረል፣ ፖርሽ 934ቷን በየጊዜው ሲያወጣቸው ኖሯል። ይህን የሚያውቅ ሰው 310 ዶላር አይከፍልም ነበር። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የታሚያ ሲሆን መጠበቅ ያዋጣል።

የጆ-ሃን ግን ሌላ ነው። ጆ-ሃን የዲትሮይት ድርጅት ነበር። ለመኪና ሻጮች ማስተዋወቂያ የሚሆኑ ትንንሽ መኪኖች ይሠራ ነበር፣ ኪቶቹም ከዚያው የወጡ ናቸው። ንጽሕናቸውን አይተህ ታውቃለህ፤ የበሩ መስመር፣ የፓራውልቱ ክሮም፣ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ ድርጅቱ ከእጅ እጅ ተላለፈ፣ ሞልዶቹም ተበታተኑ። ከሌሎቹ ጋር አወዳድረው። ኤኤምቲ የሚባለው ሞዴል ሠሪ ከሚሺጋን ተነስቶ ሌስኒ ለሚባል ድርጅት ተሸጠ፣ ከዚያ ወደ ኤርትል ሄደ፣ ዛሬ ኢንዲያና ሳውዝ ቤንድ ያለው ራውንድ ቱ ጋ ነው። ባለቤቱ ሲቀያየርም ብዙው ብረት አብሮ ተጓዘ። የረቬልና የሞኖግራምም እንደዚያው ነው። ባለቤታቸው ሆቢኮ በፈረንጆቹ 2018 ሲከስር ከሞልዶቹ የተወሰኑትን ኒውዮርክ ያለው አትላንቲስ የሚባል ድርጅት ገዛቸው፣ ጠፍተው የነበሩ ሳጥኖችም ሱቅ ላይ ታዩ። ከኪሳራው ማግሥት ብረቱን የሚረከብ ሰው ነበረ ማለት ነው። የተርባይኗን ብረት ግን ሞዴል በሚሸጥበት አዳራሽ ሁሉ ስንት ሻጭና አሮጌ ሰብሳቢ ጠይቄ «እኔ ጋ ነው» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ የምታጽናና ነገር አለች። በ1960ዎቹ ብዙዎቹ ኪቶች በየዓመቱ ከመኪናው ሞዴል ጋር ይለወጡ ነበር። የ1963ቱን አካል የሚሠራው ብረት ተፍቆና ተቀይሮ የ1964 ይሆናል። ስለዚህ የ1963ቱ ለዘለዓለም ሄደ ማለት ነው፣ ቢለምኑትም አይመለስም። ተርባይኗ ግን የዓመት ሞዴል አልነበረችም። ከመጀመሪያው በኋላም በሌላ ሳጥን ተመልሳ ወጥታለች። ለዚህ ነው እኔም እስከ ዛሬ ተስፋ የማልቆርጠው። ግን ተስፋ ሌላ፣ መጠበቅ ሌላ።

2. ወሬ ሰምተህ እጅህን አትሰብስብ

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት።

በዳትሰኗ ስለተቃጠልኩ ጠቢብ የሆንኩ መሰለኝ። «ከእንግዲህ የድሮ ሳጥን አልገዛም፣ ሁሉም ይወጣል» አልኩ። ከዚያ አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። ዲርቦርን ያለውን የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ላሳየው ወሰድኩት። እዚያ ነው እውነተኛዋን ተርባይን ያየናት።

አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም። ጽሑፉ ጋ አልደረሰም። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ የኋላ መከላከያዋን ከጎን አየ፣ «ይቺ በእጅ የተመታች ናት» አለኝ። እውነቱን ነበር። አካሏ ቱሪን፣ ጣሊያን፣ ጊያ የሚባለው ቤት በእጅ ተሠርቶ ነው በመርከብ ወደ ዲትሮይት የመጣው። 5 ለሙከራ፣ 50 ደግሞ ሰዎች እንዲነዷቸው፣ በጠቅላላ 55 ናቸው። በፈረንጆቹ ከ1963 መጨረሻ እስከ 1966 መጀመሪያ ለ203 ተራ ሰዎች በየተራ ሦስት ሦስት ወር ተሰጡ። ሞተሯ እንደ አውሮፕላን ተርባይን ነው። በናፍጣ ትሄዳለች፣ በላምባ ትሄዳለች፣ በአትክልት ዘይት ትሄዳለች። የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት በተኪላ አስነድተዋታል። ይህን ስነግረው አባቴ «በኑግ ዘይትስ?» አለኝ። እኔም «አዎ፣ በኑግም» አልኩት። ከዚያ ሙከራው ሲያልቅ 46ቱ እንደተጨፈለቁ፣ የቀሩት 9 ብቻ እንደሆኑ ነገርኩት። ዝም አለ። ረጅም ሰዓት ዝም አለ። ያን ያህል በእጅ የተመታ ቆርቆሮ መጨፍለቁ ባትላሜራ ላይ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ያኔ ነው።

ሲመለስ ኪቷን ሠርቼ ልልክለት ቃል ገባሁ።

በዚያው ወር ኦሃዮ ውስጥ የሞዴል ሰዎች ዕቃ የሚሸጡበት አዳራሽ ገባሁ። ተርባይኗ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ሳጥኗ ጥጉ ተቀዷል፣ ውስጧ ሙሉ ነው፣ ሰውየው ክፍሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ አሳየኝ። 65 ዶላር ነው ያለኝ። እኔ ምን አልኩ? «ልትወጣ ነው ብለዋል፣ እጠብቃለሁ።» አስቀመጥኳትና ሄድኩ። ያንን ወሬ የነገረኝ ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ ሰው ሰምቶ ነው።

አራት ዓመት ጠበቅኩ። በየዓመቱ ጥር መጨረሻ የኑረምበርግ የመጫወቻ ዕቃ ትርኢት ሲመጣ ዝርዝሩን አያለሁ፣ ግንቦት ላይ የሺዙኦካውን አያለሁ። የለችም። አባቴ ስልክ በደወለ ቁጥር «ያቺ መኪና እንዴት ሆነች?» ይላል። «ትንሽ ነው የቀረው» እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ። 65 ዶላር ቆጥቤ አባቴን አራት ዓመት አስጠበቅኩት። ይህን የምጽፍልህ አንተም «ለአባቴ ስጦታ» ብለህ ስለጻፍክ ነው። ወንድሜ፣ ድርጅት ራሱ በስሙ፣ በዕቃ ቁጥሩ፣ በወሩ እስኪያሳውቅ ድረስ ወሬን ወሬ ብለህ እለፈው።

3. «ያልተከፈተ» የሚለው ቃል አያታልልህ

በአምስተኛው ዓመት ትዕግሥቴ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሱቅ ያልተከፈተች አለኝ አለ። 165 ዶላር፣ መላኪያ 18። ገዛኋት። መጣች። ፕላስቲኳ እንዳለ ነው፣ ታበራለች።

አልከፈትኳትም። ከሁሉም ስህተቴ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለእረፍቴ ብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት፤ እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይከፈትም ብዬ። ለአራት ወር ያህል እየገባሁ እየወጣሁ አያታለሁ። እረፍቴ ደረሰ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ ጠረጴዛውን አጽድቼ ቀደድኳት። የፊት መስታወቷ የለም። የኋላ መብራቶቿ፣ እነዚያ የጄት ጭስ ማውጫ የሚመስሉት፣ የመኪናዋ መልክ ያለው እዚያ ነው፣ እነሱ ያሉበት የክሮም ቅርንጫፍ (ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ) ግማሹ ተቆርጧል። ጎማዎቹ ደግሞ አካሉ ላይ ተኝተው ኖረው ጣራውን አቅልጠውታል። የድሮ ለስላሳ ጎማ ፕላስቲክ ሲነካ ከዓመታት በኋላ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ይበላዋል።

ፋብሪካ የዘጋው ሳጥን ቢሆን ክፍል አይጎድልበትም ነበር። የሆነ ሰው ከፍቶ፣ የፈለገውን ወስዶ፣ በአዲስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ በፀጉር ማድረቂያ አጥብቆታል። ማሽኑም ርካሽ ነው፣ ማንም ቤቱ ሊኖረው ይችላል።

ሱቁ ደወልኩ። ሰውየው ስሜን እንኳ አልጠየቀም። «ያልተከፈተ ገዛህ፣ ያልተከፈተ ላክንልህ» አለኝ። ፎቶ ልላክልህ አልኩት። «ከከፈትከው በኋላ ያነሳኸው ፎቶ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ሌባ ነህ እያለኝ ነው እኮ። እኔ በሕይወቴ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። ረጋ ብዬ ላስረዳው ስሞክር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ክፍያው ያለፈበትን ድርጅት ስጠይቅ ደግሞ ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ አልፏል አሉኝ፤ አራት ወር መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው የለ። 183 ዶላር እንደዚሁ ሄደ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። የሰውየውን ድምፅ ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ያንተን የ180 ዶላር ሳጥን ለምን አትግዛ እንዳልኩህ አሁን ገብቶሃል። ግድ ብሎህ ከገዛህም በመጣበት ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ቪዲዮ እየቀረጽክ ክፈተው። ሳጥኑ ሳይከፈት ዋጋው ይጨምራል የሚሉህን አትስማ። አንተ የምትሠራው ለአባትህ ነው፣ ለጨረታ አይደለም።

4. ሦስተኛው መንገድ፦ ከሁለት አንድ ማውጣት

ይህን የምናውቀው ከአገራችን ነው። ሶማሌ ተራ ያየ ሰው ያውቃል። መኪናህ ሲሰበር አዲስ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ አትጠብቅም። የሞተች መኪና ፈልገህ ከእሷ ታወጣለህ። አባቴ ከሁለት የተጋጩ ቮልስዋገኖች አንድ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ መገጣጠሚያው የት እንደሆነ ባለቤቱ እንኳ አያገኘውም ነበር። እኔ ይህ ሁሉ እያለኝ ለምን ከሳጥን ጋር ስታገል እንደነበር አላውቅም።

የሞዴል ሰዎች የሚሸጡበት አዳራሽ ስትገባ ከጠረጴዛው በታች ያለውን ካርቶን ጠይቅ። በ1960ዎቹ ልጆች ሠርተዋቸው፣ በሙጫ ተጨማልቀው፣ በብሩሽ ቀለም ተቀብተው የቀሩ መኪኖች አሉ። ሰው አያያቸውም። እኔ ተርባይን በ40 ዶላር እዚያ አገኘሁ። አረንጓዴ ተቀብታለች፣ አንድ ጎማ የላትም፣ ኮፈኗ ተለጥፏል። የፊት መስታወቷ ግን ንጹሕ ነው። የኋላ መብራቶቿም ሙሉ ናቸው። የፈለግኩት እነሱን ነበር።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገርህ። የድሮውን ቀለም ፍሬን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈህ ታስለቅቃለህ፤ አንድ ሁለት ቀን፣ ከዚያ በድሮ የጥርስ ብሩሽ። ጓንት አድርግ። የተበላሸ ክሮም በበረኪና ይለቃል፣ ሰዓታት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ከዚያ በስፕሬይ ክሮም ወይም በሚለጠፍ ስስ ብረት ትመልሰዋለህ። በረኪናውንና ሌላ ማጽጃ አንድ ዕቃ ውስጥ እንዳትቀላቅል። መስታወቱ ከተጫረ በጥርስ ሳሙና በጥጥ ቀስ እያልክ እሸው። ቢጫ የሆነ ዲካል ካለህ መስኮት ላይ ለፀሐይ ለጥፈህ ሁለት ሦስት ሳምንት ተወው፣ ይነጣል። ጎማው የበላውን ጣራ እኔ በስቱኮ ሞላሁት፣ በውሃ ወረቀት ፈገፈግኩት። ደግነቱ እውነተኛዋ ጣራዋ ጥቁር ቪኒል የለበሰ ስለሆነ ጠባሳው ከሥሩ ተደብቆ ቀረ።

ቀለሙ ላይ ግን አትቸኩል። ተርባይን ብሮንዝ የሚባለው ቀለም ቡናማ አይደለም፣ ወርቅም አይደለም። የመዳብ ዓይነት ሆኖ ጥላ ውስጥ የሚጠቁር ነው። አምስት ጊዜ ቀላቅዬ በፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞከርኩ። በስድስተኛው ሙዚየም ያነሳሁት ፎቶ ጎን አስቀምጬ ልዩነቱ ጠፋኝ። በዚህ ሥራ ከምንም በላይ የምኮራው በዚያ ቀለም ነው።

ወጪውን ደምረው። እኔ 183 እና 40፣ 223 ዶላር አወጣሁ። ከመጀመሪያው ሁለት እንደዚያች ያሉ የተጨማለቁ ብገዛ 80 ዶላር ይበቃኝ ነበር። ቀሪው ሁሉ ኪሳራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ድጋሚ ብትወጣስ? ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሳጥን እገዛለሁ። ዛሬ የድሮ ኪትን በስካነር አንብበው አዲስ ሞልድ የሚቀርጹ ድርጅቶች ስላሉ የጠፋ ብረት እንደ ድሮው የሞት ፍርድ አይደለም። ለድርጅቶቹ ጻፍላቸው። እኔ ለሁለት ጽፌ አንዱ በጨዋነት መልሶልኛል፤ ቃል አልገባም፣ ግን ጥያቄውን መዝግበናል ብሏል። ብዙ ሰው ከጻፈ ያያሉ። የመኪናው ስም ባለቤት ፈቃድም እንደሚያስፈልግ አትርሳ፣ ክራይስለር ከፈረንጆቹ 2021 ጀምሮ ስቴላንቲስ በሚባለው የመኪና ድርጅት ሥር ነው። አንዳንድ ድጋሚ እትሞች ላይ የጎማው ጽሑፍ ወይም የሲጋራ ማስታወቂያው ጠፍቶ የምታየው በፈቃድና በሕግ ምክንያት ነው።

መኪናዋን ለአባቴ የላክኳት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ዘመድ እጅ ነው። በፖስታ አልሞከርኩም፣ አንተም አትሞክር። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነች፣ የሕፃን ጫማ ካርቶን ውስጥ በጥጥ ትገባለች፣ በእጅ ሻንጣ ተይዛ ትሄዳለች። አባቴ ስትደርሰው ደወለልኝ። ስለ ሞተሯ አልጠየቀኝም፣ ስለ ዋጋዋም አልጠየቀኝም። «ጣራዋ ላይ ስቱኮ አለ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እኔ ነኝ ያወቅኩት፣ ሌላ ሰው አያውቅም» አለኝ።

ያንን ሻጭ ዛሬውኑ እንዳትከፍለው። ሌላ ሰው ይወስድብኛል ብለህ ከፈራህ ሦስት ፎቶ ጠይቀው፦ የፕላስቲኩ ስፌት ያለበትን የሳጥኑን ሆድ፣ አራቱን ጥግ በቅርበት፣ እና ሳጥኑን ሲነቀንቀው የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ። እምቢ ካለ ተወው። ከላከልህ እዚሁ ለጥፈው፣ ቅዳሜ ጠዋት እቤት ነኝ፣ አየዋለሁ። ከዚያች አረንጓዴ መኪና ሦስት ጎማ ከነቸርኬያቸውና አንድ የፊት ፓራውልት ተርፈውኛል። ለአባትህ ከሆነ ያንተ ናቸው።